መርፌና ቅጠል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2025 ጄኔቫ ላይ ባካሄደው ስብሰባ፣ የባህል ሕክምናን የሚመለከትና እስከ 2034 የሚዘልቅ ስትራቴጂ አጽድቋል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከሕንድ መንግሥት ጋር በመተባበር በጉጃራት ግዛት፣ ጃምናጋር ከተማ፣ ለዚሁ ሕክምና የሚሆን ዓለም አቀፍ ማዕከል መሥርቷል። በዚያው በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቱ 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም፣ ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የተቀዱ የሕመም ስያሜዎችን የያዘ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አካቷል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደጋፊዎች እነዚህን ውሳኔዎች ለዘመናት የተገፋ ዕውቀት ያገኘው የዘገየ ዕውቅና አድርገው ሲያዩአቸው፣ ተቺዎች በበኩላቸው ያልተረጋገጠ ነገር የታወቀ ድርጅት ማኅተም ተመታለት ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ የሚደጋግሙት አንድ ጉድለት አለ። «አማራጭ ሕክምና» እያሉ አኩፓንክቸር የተባለውን፣ ቀጭን መርፌ በተወሰኑ የሰውነት ነጥቦች ላይ የሚሰካበትን የቻይና ሕክምና፣ የቅጠልና የሥራሥር መድኃኒትን፣ መታሸትንና ዋግምትን በአንድ ጆንያ ይከቱና ጆንያውን በጅምላ ይቀበላሉ፤ ወይም በጅምላ ይጥላሉ። መርፌውና ቅጠሉ ግን በባሕርያቸው የሚገናኙ አይደሉም። ቅጠል ሰውነት ውስጥ የሚገባ ኬሚካል ነው፤ ስለዚህ ሊያድንም ሊመርዝም ይችላል፣ መጠኑም ወሳኝ ነው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ይጋጫል። የአኩፓንክቸር መርፌ በአንጻሩ ሰውነት ውስጥ የሚጨምረው ምንም ንጥረ ነገር የለም፤ የሚነሣው ጥያቄ የተወጋበት ቦታ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም፣ የሚገኘው እፎይታስ ከመርፌው ነው ወይስ ከሕክምናው ሥርዓት የሚል ነው። አንዱን የሚመልስ ጥናት ሌላውን አይመልስም፤ የአንዱ ጥሩ ውጤትም ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም።

አኩፓንክቸር በምዕራቡ ዓለም ዘንድ ዝነኛ የሆነው በአንድ ጋዜጠኛ ትርፍ አንጀት ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን በ1971 ክረምት ለሥራ ቤጂንግ እንዳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስቸግረው አንድ የአኩፓንክቸር ባለሙያ ክርኑና ጉልበቱ አካባቢ መርፌ ሰክቶ እንዳስታገሰለት በጋዜጣው ላይ ጻፈ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኒክሰን ቻይናን ሊጎበኙ በዝግጅት ላይ ስለነበሩ ጽሑፉ አሜሪካ ውስጥ ከፍ ያለ ጉጉት ቀሰቀሰ። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግን መልኩን ለወጠ፤ ዛሬም ድረስ ሬስተን ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት የሚተርኩ አሉ። እርሱ ራሱ የጻፈው ሐኪሞቹ በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት እንዳደነዘዙትና መርፌው የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ነው። ቻይና ውስጥም ቢሆን የሕክምናው ታሪክ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1822 ንጉሠ ነገሥት ዳውጓንግ አኩፓንክቸር ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም እንዲወጣ አዝዘዋል፤ በ1929 የሪፐብሊኩ መንግሥት ጥንታዊውን ሕክምና በጠቅላላው ለማስቀረት ሞክሮ በባለሙያዎች ተቃውሞ ተገትቷል። መልሶ ያነሣው የሐኪም እጥረት ያስጨነቀው የማኦ መንግሥት ነው። «ለሺህ ዓመታት ሳይቋረጥ የተሠራበት» የሚለው ማስታወቂያ ይህን ሁሉ ይዘላል።

መርፌውን በሳይንስ መመዘን ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። አንድን ክኒን ለመፈተን ግማሾቹን ታካሚዎች እውነተኛውን፣ ግማሾቹን መልኩን ብቻ የያዘውን ባዶ ክኒን ማስዋጥ ይቻላል፤ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም። መርፌ መወጋቱን የማያውቅ ሰው ግን ከየት ይገኛል? ለዚህ መላ የተገኘው በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ነው። የተሠራው መሣሪያ ጫፉ የደነዘዘ፣ ሲጫኑት እንደ ቲያትር ጩቤ ወደ መያዣው ተመልሶ የሚገባ መርፌ ነው፤ ታካሚው ቆዳው ላይ ጫን ሲል ይሰማዋል፣ መርፌው ሲያጥርም ያያል፣ ስለዚህ የገባ ይመስለዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እውነተኛውን መርፌ ይዘው፣ የቻይና ሕክምና ነጥብ በማይላቸው ቦታዎች ላይ ላይ ላዩን መውጋትን መረጡ። የሚወጋው ባለሙያ ግን የትኛውን እንደያዘ ማወቁ አይቀርም፤ ይህ ቀዳዳ እስከዛሬ በደንብ አልተደፈነም።

ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ አነጋጋሪው የጀርመኑ ነው። የጤና መድን ድርጅቶች በገንዘብ የደገፉትና በ2007 የታተመው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፈለ። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ ተሻላቸው የተባሉት 47.6 በመቶ ናቸው። ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶዎቹ ተሻላቸው። በመደበኛው መንገድ፣ ማለትም በማስታገሻ ክኒን፣ በአካል እንቅስቃሴና በፊዚዮቴራፒ ከታከሙት ግን 27.4 በመቶ ብቻ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በ638 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አስገራሚ አደረገው፤ በመርፌ ፋንታ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በመርፌ ማስገቢያ ቱቦ ውስጥ አድርገው ቆዳቸውን ሳይበሱ ነካ ነካ ያደረጓቸው ታካሚዎች እንደተወጉት ሁሉ ከወገብ ሕመማቸው እፎይ አሉ።

እንግዲህ ይህን ማንበብ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። መርፌውን የሚደግፍ ሰው «ከመደበኛው ሕክምና በእጥፍ ሊጠጋ የቀረበ ውጤት» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ አልተሳሳተም። የሚጠራጠረው ደግሞ «ነጥቡ፣ መስመሩ፣ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው ኃይል ምንም ፋይዳ እንደሌለው ታየ» ይላል፤ እርሱም አልተሳሳተም። በኋላ ወደ 21,000 የሚጠጉ ታካሚዎችን መረጃ አንድ ላይ ያጠናቀረ ሰፊ ትንታኔ፣ ትክክለኛው መርፌ ከማስመሰያው በጥቂቱ፣ መርፌ ካለመወጋት ደግሞ በብዙ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ፣ የአኩፓንክቸር ማብራሪያ እንደማይቆምና የአኩፓንክቸር ክፍል ገብቶ መታከም ግን ለአንዳንድ የቆዩ ሕመሞች እፎይታ እንደሚሰጥ ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ለብዙ ሰው ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ የተለመደ መከራከሪያ አለ። መርፌው ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ኢንዶርፊን የሚባሉትን፣ ያስለቅቃል ይባላል። መነሻው በ1977 የታተመ ሙከራ ሲሆን፣ ናሎክሶን የተባለውን የሞርፊን ማርከሻ የወሰዱ ሰዎች ላይ የመርፌው ማስታገስ ቀንሶ ታይቷል። የተዘነጋው ግን በቀጣዩ ዓመት የጥርስ ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ያው ማርከሻ የባዶ መድኃኒትን፣ የፕላሴቦን፣ ማስታገስም መቀነሱ ነው። ስለዚህ ኢንዶርፊን መለቀቁ መርፌውን ከፕላሴቦ አይለይልንም፤ ይልቁንም ፕላሴቦ የሚባለው ነገር ራሱ በሰውነት ውስጥ እውነተኛ ሂደት መሆኑን ይነግረናል።

ይህን ከሁሉ በላይ ያጎላው በ2008 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሙከራ ነው። የአንጀት መታወክ ያለባቸውን 262 ሰዎች ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ቡድን ተራ እንዲጠብቅ ብቻ አደረጉ። ሁለተኛው ቡድን ማስመሰያ መርፌ ተደረገለት፤ ባለሙያው ግን ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ አነጋግሮት ወጣ። ሦስተኛው ቡድን ያንኑ ማስመሰያ መርፌ ሲያገኝ፣ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን 45 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ኑሮው፣ ሕመሙ ምን እንደሚመስለው ጠየቀው፣ አዳመጠው። በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ናቸው። ከሦስቱም ቡድኖች ማንም እውነተኛ መርፌ አልተወጋም። ከንጋት ጀምሮ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ማዘዣ ተሰጥቶት የሚወጣ ሰው፣ ወደ ባህል ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚፈልገው ቅጠሉን ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ ቁጥሮች ያስረዳሉ። የተመላላሽ ክፍል ሐኪሞች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በአንድ ጠዋት የሚጠብቃቸው ሕመምተኛ ብዛት ይታወቃል።

ከፋዮቹስ ምን አደረጉ? የጀርመን የጤና መድን ሥርዓት ከ2007 ጀምሮ ለወገብና ለጉልበት ሕመም አኩፓንክቸርን መክፈል ጀመረ፤ ለራስ ምታት ግን አልፈቀደም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2009 ለወገብ ሕመም መክሮ በ2016 ምክሩን አነሣ፣ በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በውል ላልታወቀ የቆየ ሕመም መልሶ አስገባው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ፣ መሻሻል ከታየ ተጨማሪ 8 ጊዜ ይከፍላል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችንም ሜዲኬር ካላቸው ይህ መብት አላቸው። ከአሜሪካው ውሳኔ በስተጀርባ ያለው አንዱ ምክንያት ኦፒዮይድ የሚባሉት ሞርፊን መሰል ማስታገሻዎች ያስከተሉት ሱስና ሞት ነው፤ ጥቅሙ መጠነኛ የሆነ መርፌ፣ ሰው ከሚገድል ክኒን ጋር ሲነጻጸር ይሻላል ተባለ። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይመስለኝም።

ሁሉም መመሪያዎች የሚያወሩት ስለ ሕመም መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ስትሮክ ያስቀረውን እጅ ለመመለስ፣ ስኳርን ለማጥፋት ወይም መካንነትን ለመፈወስ ተብሎ የሚሸጥ መርፌ ከእነዚህ ማስረጃዎች አንዱንም ሊጠቅስ አይችልም። ጉዳትም አለው። ደረት ላይ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ በአግባቡ ያልጸዳ መርፌም የጉበት ቫይረስ አስተላልፏል። የሠለጠነ ባለሙያና የአንድ ጊዜ መርፌ ካለ ግን አደጋው ጥቂት ነው። እኛም አገር የቻይና ሐኪሞች ቡድን ለአሥርተ ዓመታት እየተፈራረቀ ሲያገለግል የቆየ ሲሆን፣ አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አኩፓንክቸር ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረን ዋግምት ደግሞ፣ በምላጭ ሰንጠቅ አድርጎ በቀንድ ደም መምጠጡ፣ ለጀርባና ለትከሻ ሕመም ሰዎች ዛሬም የሚሄዱበት ነው። እፎይታው ምናልባት ከመርፌው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው የዋለ እንደሆነ ግን ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ አብረው ይዞራሉ።

ወደ ቅጠሉ ስንመጣ መሬቱ ይለወጣል። እዚህ የሚጠየቀው ሥርዓቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነገር ነው፤ ለዚህም ከቅጠል ከተገኘው የወባ መድኃኒት፣ ከአርቴሚሲኒን፣ የተሻለ ማሳያ የለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወባ የሰሜን ቬትናምን ሠራዊት ስለፈጀ የቻይና መንግሥት ሜይ 23 ቀን 1967 ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረ፤ ፕሮጀክቱም በወሩ (በአምስተኛው ወር) እና በዕለቱ «523» ተባለ። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ የምትመራው ቡድን ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት ማዘዣዎችን ሰብስቦ ከመካከላቸው የመረጣቸውን በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ሞከረ። ችንግሃው የተባለው ተክል፣ የእኛዎቹ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ፣ አንድ ጊዜ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላ ጊዜ ምንም አይሠራም። ቱ ዩዩ ወደ አንድ የአራተኛው ክፍለ ዘመን የሕክምና ጽሑፍ ተመለሰች፤ ጽሑፉ አንድ ጭብጥ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም። የሌሎቹ ማዘዣዎች ልማድ ማፍላት ስለነበር ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ሊሆን ይችላል ብላ ጠረጠረች፤ በ35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላው ኤተር በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በኦክቶበር 1971 የተፈተነው 191ኛው ናሙና በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን የወባ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት እርሷና ባልደረቦቿ መጀመሪያ በራሳቸው ላይ፣ ከዚያ ሃይናን ደሴት ውስጥ በ21 ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2015 ነው። ኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ የአርቴሚሲኒን ዝርያ ያለበትን ኮአርተምን ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት ስታደርግ የተቀበለችው ይህንኑ ነው።

ይህን ታሪክ የባህል ሕክምና አፍቃሪዎች እንደ ድል ይጠቅሱታል፤ የድሉን ግማሽ ብቻ ነው የሚወስዱት። ጥንታዊው ጽሑፍ ፍንጭ ሰጠ፣ ግን ከተሞከሩት ማዘዣዎች አብዛኞቹ በአይጦቹ ላይ ሳይሠሩ ቀርተው ተጥለዋል። ቅጠሉም እንደ ሻይ ተፈልቶ ሲጠጣ የሚገኘው አርቴሚሲኒን ትንሽና ከስኒ ስኒ የሚለያይ ስለሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይመክርም፤ ግማሽ መጠን የቀመሰ ተሕዋስ መድኃኒቱን መልመዱ ስለሚያስፈራ ጭምር። በኤፕሪል 2020 የማዳጋስካር ፕሬዝዳንት አንድሪ ራጆሊና ከዚሁ ተክል የተዘጋጀ መጠጥ ኮቪድን ይፈውሳል ብለው በአደባባይ ጠጥተው ሲያሳዩ፣ ብዙ አፍሪካውያን የደገፏቸው በማስረጃ ሳይሆን በቁጭት ነበር።

የእኛ ማሳያ ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል አብሮ መኖሩ አይቀርምና፣ የሴቴውን ኮሶ ቀላ ያለ አበባ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በውኃ ወይም በጠላ በጥብጦ በባዶ ሆድ መጠጣት ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይታዘዝም፤ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትሉ እስኪወርድ ከቤት አይወጣም። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚባለውም ቀማሾቹ ስለሚያውቁት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉን ሥሎና ገልጦ ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። ስለዚህ ኮሶ መሥራቱ አጠያያቂ አልነበረም። ችግሩ መጠኑ ነው። የሚሠራው ንጥረ ነገር አበባው በቆየ ቁጥር ይደክማል፤ ስለዚህ ዘንድሮ የተለቀመውና ከርሞ የተሸጠው በአንድ እፍኝ አይተካከሉም። ያልሠራለት ሰው ይደግማል፣ የደገመው ሰው በቅርቡ የተለቀመ አበባ ገጥሞት ከሆነ ይመረዛል፤ ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች ላይ የዓይን ብርሃን መጎዳት ተመዝግቧል፣ ነፍሰ ጡር ሴትም እንዳትጠጣ የሚከለክላት ራሱ ባህሉ ነው። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት የትል ክኒኖች ኮሶን የተኩት የውጭ ስለሆኑ አይደለም፤ ክኒኑ ዛሬም ነገም ያው ክኒን ስለሆነ ነው።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን ማንነቱም ሲሳሳት ምን እንደሚደርስ ብራስልስ ውስጥ ታይቷል። ከ1990 ጀምሮ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ ከሚሰጠው ቅይጥ ውስጥ የቻይና ዕፅዋት ዱቄት ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው በወራት ውስጥ ከሥራ ውጭ እየሆነ ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ፤ በጠቅላላው ከመቶ በላይ ሆኑ። ምርመራው ያወጣው ነገር ቀላልና አስደንጋጭ ነበር። የታዘዘው ተክል በቻይንኛ «ሃን ፋንግ ጂ» ሲሆን፣ በከረጢቱ ውስጥ የተገኘው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» ነበር፤ ይህ ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ኩላሊት የሚያጠፋና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ አለው። ኩላሊታቸው ሞቶ ለጥንቃቄ ሲባል ከወጣላቸው 39 ሰዎች በ18ቱ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተገኘ። ማንም ሆን ብሎ አልመረዛቸውም። ተመሳሳይ ስም፣ የደረቀና የተፈጨ ነገር፣ አሻግሮ የሚመረምር አለመኖር፣ ይህ ብቻ በቃ። እኛም ዘንድ «የምች መድኃኒት» ሲባል በአንድ አካባቢ ዳማከሴ፣ በሌላው ሐረግ ሬሳ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ቢለዋወጡ የከፋ ነገር አይመጣ ይሆናል፣ ገበያ ላይ በዱቄት መልክ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ሁሉ ግን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እርሱም አያውቅም። በ2004 በታተመ ጥናት፣ ቦስተንና አካባቢዋ ካሉ መደብሮች ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የሕንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል።

ሦስተኛው አደጋ ዝም ያለው ነው። ተክሉ ትክክለኛ፣ መጠኑም የማይጎዳ ሆኖ፣ ሰውየው ከሚወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ያጠፋል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ለድብርት ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ተክል፣ ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ በ2000 የታተመ ሙከራ ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰው አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሌላውን የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ሳኩዊናቪርን፣ በግማሽ አወረደው። እነዚያ ሁለት መድኃኒቶች አሁን እምብዛም አይታዘዙም፣ በወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርትም ይህን አያደርግም፤ አደጋው ግን ያው ነው። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ አዛውንት በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ሲልስ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ግፊትንም ስኳርንም ያወርዳል የተባለ የሽፈራው ቅጠል ሻይ ስትጨምር፣ የሐኪሙ ስሌት ከሥሩ ይናጋል። ሐኪሙ ግን አያውቅም።

የማያውቀው ስላልተነገረው ነው፤ ያልተነገረውም እንዴት እንደሚመልስ ስለሚታወቅ ነው። «ይህን ሁሉ ቅጠል እየጠጡ እኛ ዘንድ ለምን መጡ?» የተባለች እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ስትባል «ምንም የለም ልጄ» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ የጉበቷ ምርመራ ተበላሽቶ ሲመጣ ሐኪሙ ምክንያቱን ከራሱ ክኒኖች ውስጥ ይፈልጋል። ጥያቄውን ለወጥ አድርጎ፣ «ለወፍ በሽታ ስሚዛ ጠጥተው ነበር? ለግፊትስ መቅመቆ?» ብሎ ተክሉን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ ሐኪሙ ነገሩን እንደሚያውቀው ስለሚያሳይ። ለዚህ ደግሞ የሕክምና ተማሪው ቢያንስ በአካባቢው የሚጠጡትን ዕፅዋት ማወቅ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ያለው ዝምታ የአዋቂው ነው። የባህል መድኃኒት ዕውቀት ከአባት ለተመረጠ ልጅ ይተላለፋል፤ ቅጠሉ በንጋት፣ ሰው ሳያይ ይቆረጣል፤ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። ተመራማሪው የተክሉን ስም ሲጠይቅ የተወቀጠ ዱቄት ይሰጠዋል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ከኢኮኖሚ አንጻር የገባው ሰው የሚያደርገው ሆኖ ይታየኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አይተው ምርምር ጀመሩ፤ ግኝታቸው በውጭ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ተብሎ ዓመታት ተጓተተ፤ በ1989 እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ሌላ ዓይነት የውኃ ዛጎል ለማጥፋት በመጠቀም ዘዴ ላይ የፈጠራ መብት ወሰደ። በእንዶድ ሲያጥቡ ለግኝቱ መነሻ የሆኑት የአድዋ ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ጤፍም ቢሆን በሆላንድ ኩባንያ የፈጠራ መብት ተወስዶበት፣ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው።

ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ አዋጁ ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን ያለ ፈቃዱ እንዳይወሰድበትና ከጥቅሙም እንዲካፈል ይደነግጋል። የሚጠብቀው ግን ማኅበረሰብን ነው። አንዲት አዋቂ ከአያቷ የወረሰችውን፣ ሰፈሩ የማያውቀውን ቅይጥ ይዛ ብትመጣ ባለመብቷ እርሷ ትሁን ወረዳው ለማለት ያስቸግራል፤ ይህ እስኪጠራ ድረስ ተክሉን በስሙ ለመንገር የሚያስገድዳት ምክንያት የለም። ካልነገረች ደግሞ ቅይጡ አይመረመርም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ የጠጣው ሰው ጉበቱ ታሞ ድንገተኛ ክፍል ቢገባ ሐኪሙ የሚያገኘው «አንድ ቅጠል ጠጥቶ ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው። ጄኔቫ ላይ የጸደቀው ስትራቴጂ የባህል ሕክምና በማስረጃ እንዲደገፍ ይጠይቃል፤ እኛ አገር ማስረጃው የሚጀምረው ከላቦራቶሪው በፊት፣ ከዚህች ሴትዮ ጋር በሚደረግ ውል ነው።